ልጁ ወንዙን ተሻገረ ወይ?

ያን ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ በመሐል መሳቢያዬን ገርበብ አድርጌ መጽሐፍ አነባለሁ። ቢያንስ ሰው የሚያውቀኝ እንደዚያ ነው። በከተማው "አንባቢ" ከሚባሉት አንዱ ነበርኩ፤ ይህ ሲነገርልኝ ደረቴ ይነፋል። ዛሬ የማወጋችሁ ያ የተነፋ ደረት ጎጆ ከተማ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ እንዴት እንደተነፈሰ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታሪኩ የልብስ ስፌት ቤት የምንሰበሰብ አምስት ሰዎች ነበርን። ጋሽ ታሪኩ ዕድሜያቸው ስልሳን የተጠጋ፣ ከተማዋን ያኔም በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት እያሉ የሚጠሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሌሎቹ ነርሷ ሲስተር አበራሽ፣ የታሪክ አስተማሪው መምህር ጉተማ እና ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ አንድ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ደንባችን አንድ ነው። ጋሽ ታሪኩ መቀሳቸውን ያስቀምጡና በየተራ "እጅህ ላይ ምን አለ?" ይላሉ። የተጠየቀው ሰው የዛሬ ዓመት ያነበበውን አያወራም። ትናንት የት ገጽ ላይ እንዳቆመ፣ ማን እንዳናደደው፣ ማንን እንደጠረጠረ ነው የሚናገረው። ያላለቀ መጽሐፍ ጨዋታው እንዴት እንደሚጥም ያወቅሁት እዚያ ነው።

ችግሩ መጽሐፉ አንድ፣ ዓይኖቻችን አሥር መሆናቸው ነበር። አንድ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ይዞ የሚመጣው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ተራ እንጠብቅ ካልን የመጨረሻው ሰው እስኪደርሰው ክረምት ይገባል። መላውን ያመጡት ጋሽ ታሪኩ ናቸው። ለፋሲካ በሬ ገዝተን ቅርጫ የምንካፈል ሰዎች መጽሐፍ መካፈል እንዴት ያቅተናል አሉ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሲገኝ ጀርባውን በምላጭ ይፈቱና ልክ እንደ ሥጋው አምስት መደብ ያደርጉታል። ዕጣ እንጥላለን። ሁለተኛው መደብ የደረሰው ከሁለተኛው፣ አራተኛው የደረሰው ከአራተኛው ይጀምራል። ታሪኩ እንዳይጠፋበት ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊቱ ያለውን መደብ ያነበበው ሰው ይተርክለታል። በየሳምንቱ እየተለዋወጥን በአምስት ሳምንት ሁሉም ሙሉውን ያነባል፤ ጋሽ ታሪኩም መልሰው ይሰፉታል። የመጨረሻው መደብ የደረሰው ሰው ሻኛ እንደደረሰው እየተቀናበት ይሄዳል።

እኔ ታዲያ ቶሎ አንድ ነገር ገባኝ። የራሴን መደብ ካነበብኩ የሌሎቹን አራቱን ቅዳሜ ከሰው አፍ እሰማለሁ። ከሰማሁት ለምን ዓይኔን አደክማለሁ? መደቡን ተቀብዬ ቤቴ አስቀምጥና ሳምንቱ ሲያልቅ አሳልፋለሁ። ይባስ ብሎ ከሁሉም አሳምሬ የምተርከው እኔ ሆንኩ። አንዱ ያየውን ከሌላው ስሜት ጋር አዋህጄ፣ ጥቂት ቅመም ጨምሬ ሳወራ ጋሽ ታሪኩ መርፌያቸው በአየር ላይ ይቀራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን ግን ለጊዜው አድምቆኝ ነበር።

በአንድ ሚያዝያ ወር መሥሪያ ቤቴ ፋይል እንዳደራጅ ለአሥር ቀን ጎጆ ላከኝ። ጎጆ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ነው። ማደሪያ ያገኘሁት አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ቤት ነው። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ከተናጋሪው አፍ የማይነቅሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ኦቦ ቶለራ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበሩ፤ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። አዴ ጫልቱ በየማለዳው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ያነባሉ። የአማርኛ ፊደል ግን አይለዩም፤ አማርኛውን የሚያውቁት በጆሮ ነው። ማታ ድንች እየላጡ እኔ የምደሰኩረውን ያዳምጡኛል። ያነበብኳቸውንም ያላነበብኳቸውንም መጻሕፍት ስተርክላቸው አንድም ቀን አላቋረጡኝም።

ልመለስ ስል ከአልጋቸው ሥር የመድኃኒት ካርቶን ጎትተው አወጡ። በኦቦ ቶለራ መጻሕፍት የተሞላ ነው። ከላይ ያለውን አነሡ። ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ ተገንጥለው የጠፉ ወፍራም ልብ ወለድ ነው፤ ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ከመሐሉ ቢጫ የክሊኒክ ካርድ ብቅ ብሏል።

ታሪኩን ያኔ ነገሩኝ። ኦቦ ቶለራ ከሥራ መጥተው እራት ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ያነባሉ። ከዚያ መጽሐፉን አጥፈው ያነበቡትን ለሚስታቸው በኦሮምኛ ይተርኩላቸዋል። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚህ ነው የኖሩት። ሃያ ምናምን ዓመት፣ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ፣ አዴ ጫልቱ በባላቸው አፍ አንብበዋል። የመጨረሻው ይኼ ነው።

«አንድ ነጋዴ፣ ሚስቱና ልጃቸው ናቸው» አሉኝ። «አባትና ልጅ በቅሎ ሊገዙ ገበያ ይሄዳሉ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሞልቷል። ልጁ የአባቱን እጅ ይዞ ቆሟል። እዚያ ላይ ቶለራ ድካም ተሰማኝ፣ ነገ እነግርሻለሁ አለኝ። በነጋታው ወደ ሆስፒታል ወሰድነው፤ አልተመለሰም።»

መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጠሉ።

«አንድ አስተማሪ አንብቤ እነግርዎታለሁ ብሎ ወስዶ ዓመት አቆየው። ሲመልሰው ካርዱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። አንተ ግን አንባቢ ነህ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ወንዙን ተሻገረ ወይ? አንብብና መጥተህ ንገረኝ። ካርዱን ከቦታው አታንሳው፣ የእሱ ምልክት ነው።»

በአንድ ወር ውስጥ እመጣለሁ ብዬ ማልኩ። ስምል ከልቤ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ መጽሐፉን ስፌት ቤት ይዤ ስገባ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበሉኝ። ጋሽ ታሪኩ አገላብጠው አዩትና የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ የሰው አደራ ምላጭ አይነካውም። እኔ ደግሞ ቅርጫውን ያመጣሁት እኔ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ስለፈለግሁ ስጦታ ነው አልኩ። ይቺ ነች ጥፋቴ፤ አንዲት ቃል። ጋሽ ታሪኩ ምላጫቸውን አነሡ። ካርዱን ሲያገኙት ሊጥሉት ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን የሰው ምልክት አይነካም ብለው ከነቦታው ሦስተኛው መደብ ውስጥ ተዉት።

የመጀመሪያው መደብ ለእኔ ደረሰኝ፤ አነበብኩት። ሁለተኛውን መምህር ጉተማ ተረከልን። ሦስተኛው በሚተረክበት ቅዳሜ ጊንጪ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበረብኝ፤ ቀረሁ። አራተኛውና አምስተኛው ላይ አባትየው ብቻውን አገር ላገር ሲንከራተት ሰማሁ። የልጁ ስም አልተነሣም። ደራሲ ሰው መርሳት ልማዱ ነው፣ ልጁን እናቱ ጋ ትቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሦስተኛው መደብ ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሻይ ብቻ ነው ያስቀመጥኩበት።

ወሩ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ብቅ አለ። ከጎጆ ድንች ጭኖ መምጣቱ ነው። በቀለ ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ እኔ ነኝ አልኩት።

«አዴ ጫልቱ መልእክት ልካለች። ልጁ ወንዙን ተሻገረ ወይ ብላሃለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የማን ልጅ ነው? ሰው ጠፍቶባታል እንዴ?»

አልጠፋባትም አልኩት። እሱ ግን እንዳዘነ ሄደ።

መጽሐፉ በዚያን ጊዜ ተሰፍቶ እጄ ላይ ነበር። ማንበብ እችል ነበር፤ የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ካርዱ ሦስተኛው ውስጥ ነውና መሻገሩ ከዚያ ወዲያ ይሆናል ብዬ ከአራተኛው መደብ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ወንዝ የሚል ቃል ፍለጋ ገጽ ገለጥኩ፤ የለም። አበራሽን ሆስፒታሉ በር ላይ ሳገኛት ወንዝ አጋጥሟት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላስታውስም አለችና ሥራ ተጠርታ ገባች። እንግዲያው ትንሽ ነገር ናት፣ ተሻገረ ብላቸው ደስ ይላቸዋል፣ ማን ይጎዳል ብዬ ወሰንኩ። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ተሳፈርኩ።

የጎጆን መንገድ በሐምሌ የሄደበት ያውቀዋል። ጭቃው መኪናችንን ሁለት ቦታ ይዞ አስቀረው። ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ እኔ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ነበር። ከቀትር በኋላ ደረስኩ። አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው ነበር። "አካም ኦልቴ፣ ኢልማ ኮ"፣ እንዴት ዋልክ ልጄ ብለው ሳሙኝ፣ የረጠበ ካፖርቴን ተቀበሉኝ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልኝ። ጎረቤት የመጣች ሴትዮን ዛሬ እንግዳ አለብኝ ብለው ሸኟት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚቀመጠው ከፊቴ ተቀመጡ።

«እህ» አሉ። «ተሻገረ?»

«ተሻገረ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ምነው እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ። እሳቸውም በቀስታ እንዴት እንደተሻገረ ጠየቁኝ። እኔ መቼም ተራኪ ነኝ። ውሃው ደረት ድረስ ነበር፣ አባትየው ከፊት ገባ አልኩ። ሲያዳምጡኝ ሞቅ አለኝ። ልጁን በቅሎዋ ላይ አስቀምጦ፣ ልጓሟን በጥርሱ ነክሶ…

ዓይናቸው ተገለጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«በቅሎዋን ገና አልገዟትም እኮ» አሉ።

አልቸኮሉም። እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ከጭኔ ላይ ወሰዱ። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። የጋሽ ታሪኩ ክር ነጭና አዲስ ነው፤ የቀድሞው ስፌት ቡናማ ነበር። አንድ፣ ሁለት እያሉ ስፌቱን ቆጠሩት።

ሁሉንም ተናገርኩ። ቅርጫውን፣ "ስጦታ ነው" ማለቴን፣ ከአምስቱ መደብ አንዱን ብቻ ማንበቤን፣ ለዓመታት የሰው አፍ እየሰማሁ አንባቢ መባሌን ጭምር። ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ማቆም አቃተኝ። ስጨርስ ውጣ ይሉኛል ብዬ ካፖርቴን በዓይኔ ፈለግሁ።

«እስከ ሰኞ መኪና የለም» አሉ አዴ ጫልቱ። መጽሐፉን መልሰው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ዓይን አለህ። ገና ብርሃን አለ። ከመጀመሪያው ጀምር። የተጻፈውን ብቻ፤ ከራስህ ምንም እንዳትጨምር። ዱቢሲ።»

አንብብ ማለታቸው ነው። ጀመርኩ።

ወገኖቼ፣ አንባቢ ምን እንደሆነ ያየሁት በዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። አንባቢዋ ደግሞ እኔ አይደለሁም። አዴ ጫልቱ ከሦስት ዓመት በፊት በጆሯቸው ብቻ የሰሙትን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ያውቁታል። «አሁን አንዲት አሮጊት ጨው ልትበደር ትመጣለች» ይሉኛል፤ ሁለት ገጽ ሳልሄድ አሮጊቷ ትመጣለች። ነጋዴው ሲዋሽ ቀድመው ይስቃሉ። የከበደ ቃል ሲመጣ ያስቆሙኛል። በኦሮምኛ ምን እንደሚሆን እንከራከራለን፤ ብዙውን ጊዜ የሚረቱት እሳቸው ናቸው። የእኔ ዓይን ተራውን ፊደል ሲለቅም እሳቸው ሰዎቹን ያያሉ። አንዳንዴ ደግሞ ግንባራቸው ይቋጠራል።

«እዚህ ላይ ውሻ ነበረ» አሉኝ አንዴ።

ገጹን ደግሜ አየሁት። ውሻ የለም አልኳቸው።

«አለ እንጂ። ጆሮው የተቆረጠ።»

የለም። ተገርመው ፈገግ አሉና ቀጥል አሉኝ። መሽቶ ፊደሉ እስኪደበዝዝ አነበብኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተቀመጡ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ትኩስ ወተት ይሰጡኛል፤ ከዚያ በቀር ከመቀመጫቸው አልተነሡም። በመጽሐፉ ውስጥ ልጁ ታመመ። ትኩሳቱ በረታ። አባትየው መድኃኒት ፍለጋ ሌሊቱን በእግሩ ወጣ። ገጹን ስገልጥ ቢጫው ካርድ ፊት ለፊቴ ተጋደመ።

«ካርዱ ጋ ደረስን» አልኩ።

አዴ ጫልቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። ይኼማ ገና ነው። ልጁ ይድናል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከጎረቤት ልጅ ይጣላል፣ ጥርሱ ይነቀላል። ከዚህ በኋላ ቶለራ ከአንድ ወር በላይ ነግሮኛል። ካርዱን አንሥታችሁታል።»

ጋሽ ታሪኩን አውቃቸዋለሁ። የሰውን ምልክት አይነኩም። ያ አስተማሪም ካርዱ ከነበረበት ሳይነቃነቅ ነው የመለሰው። ካርዱን አንሥቼ ከሥሩ ያለውን ገጽ በዓይኔ ቀድሜ አነበብኩት። አባትየው መድኃኒቱን ይዞ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይደርሳል። ልጁ ሞቷል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ኦቦ ቶለራ እዚህ ገጽ ላይ ነው ያቆሙት። ከዚህ አልፈው አንዲት መስመር አላነበቡም። ከአንድ ወር በላይ ማታ ማታ መጽሐፉን ገልጠው፣ የማያነቡትን እያዩ፣ የሌለ ታሪክ ለሚስታቸው ተርከዋል። ወንዙም የለም፤ የበቅሎው ገበያም የለም።

ልዋሽ እችል ነበር። ከእኔ የተሻለ ማን ይዋሻል? ልጁን ላድነው፣ ትምህርት ቤት ላስገባው፣ ወንዙንም ላሻግረው እችላለሁ፤ እሳቸው ፊደሉን አያውቁትም። አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ግን አዴ ጫልቱ ፊቴን እያዩ ነው፤ ከፊቴ ላይ ያነበቡት ነገር አለ።

«የተጻፈውን» አሉኝ።

አነበብኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ልደብቀው አልሞከርኩም። የልጁን መሞት፣ የእናቱን ጩኸት፣ አባትየው መድኃኒቱን በር ላይ ሲጥለው፣ ሁሉንም አነበብኩና ምዕራፉ አለቀ።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ካርዱን ተቀበሉኝ።

«ታዲያ ወንዙ?»

«ወንዝ የለም፣ አዴ ጫልቱ። መጽሐፉ ላይ ወንዝ የለም።»

ካርዱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ስለ ገመቹ ነገሩኝ። ስሙን ሲያነሡ የመጀመሪያቸው ነበር። ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ነው፤ በስድስት ዓመቱ በኩፍኝ ሞቷል። ኦቦ ቶለራ ያን ቀን በሽታው የገባበት ሌላ መንደር ሄደው የሰው ልጆች ሲያክሙ ነበር። ሲመለሱ ደርሰው አላገኙትም። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት የልጁን ስም ቤት ውስጥ ጠርተውት አያውቁም።

«ገመቹ ሲሞት የፊት ጥርሱ ይነቃነቅ ነበር» አሉኝ። «አልወለቀም ነበር። ከሚነቃነቀው ጥርሱ ጋር ነው የቀበርነው።» ካርዱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ቶለራ በታሪኩ ውስጥ አወለቀለት። ልጁ ጥርሱን ጣራ ላይ ሲወረውረው ነግሮኝ ሳቅን። እኔ የሰው ልጅ መስሎኝ ነው የሳቅሁት።»

አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ባሏን ገና ዛሬ እንዳወቀች ሴት ሆነው ነበር የተቀመጡት። ጆሮው የተቆረጠው ውሻ የገመቹ ውሻ መሆኑንም ነገሩኝ። በየመጽሐፉ ውስጥ ስንት ነገር የቶለራ፣ ስንት ነገር የደራሲው እንደነበር ማን ያውቃል አሉ። ካርቶኑን አዩት፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ።

የቀረውን እንድተወው ጠየቅኋቸው። እምቢ አሉ። የጀመሩትን የሰው ታሪክ መሐል ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ያ አባት ብቻውን ሲንከራተት እዚህ አንተወውም አሉኝ። ሰኞ መኪናው አመለጠኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጨረስን። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ መሥሪያ ቤት ስገባ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የሚገባኝ ደብዳቤ ተቀብዬ አላውቅም። ስለ ደራሲው አዴ ጫልቱ የሰጡት ፍርድ አጭር ነበር። ጎበዝ ነው፣ ያየውን ጽፏል፤ ቶለራ ግን የሚያዳምጠውን ሰው ያውቅ ነበር አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ታሪኩ እጅህ ላይ ምን አለ ሲሉኝ ኑዛዜ አለ አልኳቸው። ለአዴ ጫልቱ ያልኩትን ሁሉ ደገምኩላቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው፤ ስናገረው ባዶ ከረጢት ይዤ እኖር እንደነበር ታወቀኝ። አበራሽ ገና በፊት ጠርጥራኝ እንደነበር ነገረችኝ፤ በራሷ መደብ የሌለ ሰው ስጨምርባት ሁለት ጊዜ ይዛኛለች፤ አፍራልኝ ነው የተወችው። ጋሽ ታሪኩ ግን በእኔ ውሸት አልተቆጡም። በምላጫቸው ምን እንደቆረጡ ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ከባለቤቱ አፍ ሳይሰሙ አንድም መጽሐፍ አልፈቱም።

እናንተ ይህን የምታነቡ መጽሐፍ ወዳጆች፣ እኔን የለወጠኝ መዋረዴ እንዳይመስላችሁ። ሰው ተዋርዶም ያው ይሆናል። የለወጠኝ ኦቦ ቶለራን ማድነቄ ነው፤ አይቼው የማላውቀውን ሰው። እሱም እንደ እኔ ያላነበበውን ተርኳል፤ በዚህ እኩል ነን። እኔ ግን ያን ሁሉ ቅመም የጨመርኩት ጋሽ ታሪኩ መርፌያቸውን እንዲያቆሙልኝ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ቁስል ሲያጥብ ውሎ መጥቶ፣ ሊያልፈው ያልቻለውን ገጽ ፊቱ ገልጦ፣ የሞተ ልጁን ለእናቱ በየማታው ትንሽ ትንሽ እያሳደገ ነበር። ከሁለታችን ውሸታሙ ማን እንደሆነ ለመለየት ዓመታት አልፈጀብኝም። ዛሬ ስለ መጽሐፍ ከማውራቴ በፊት ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው አየዋለሁ። ያላነበብኩትንም አላነበብኩም እላለሁ፤ የሚገርማችሁ፣ እንደዚህ ካልኩ ወዲህ ሰዎች መጽሐፋቸውን አጥብቀው ይነግሩኛል።

ኅዳር ላይ አዴ ጫልቱ ለዓይናቸው ምርመራ አምቦ መጡ። ቅዳሜ ነበረ። ስፌት ቤቱ ወሰድኳቸው፤ ጋሽ ታሪኩ ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጧቸውና ይቅርታ ጠየቋቸው። እሳቸውም ስፌቱ ጠንካራ ነው ብለው አመሰገኗቸው። ተራው ሲዞር ጋሽ ታሪኩ ትንሽ አመነቱ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነውና እጅዎ ላይ ምን አለ አሏቸው።

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና በኦሮምኛ ጀመሩ። ጋሽ ታሪኩ ኦሮምኛቸው ከማንኛችንም ይበልጣል፤ የሚተረጎምለት ሰው አልነበረም። ልጁ ከትኩሳቱ ሲነሣ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ጆሮው የተቆረጠው ውሻ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ሲሸኘው፣ ጥርሱን ጣራ ላይ ሲወረውረው ነገሩን። ከመሐል አንድ ቦታ ላይ ልጁን ገመቹ ብለው ጠሩት፤ እርማት አላደረጉበትም። ያ ዝምተኛ የእንስሳት ሐኪም ወደ ፊት ተንጠራርቶ ተቀመጠ። ሱሪ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ አባትና ልጅ በቅሎ ሊገዙ ተነሡ፤ ወንዙ ጋ ደረሱ፤ ውሃው ሞልቷል። አዴ ጫልቱ እዚያ ላይ ዝም አሉ።

ጠበቅን። መጀመሪያ የተናገረው ከሁሉ ዝምተኛው ነው።

«ከዚያስ? ተሻገረ?»

አዴ ጫልቱ ረጋ ብለው አዩት፤ ፊታቸው ላይ ምንም ጭንቀት አልነበረም።

«ምን አስቸኮለህ ልጄ» አሉት። «የአባቱን እጅ ይዟል። ውሃው ይጉደል።»